የምክትሏ ይታጠፍ

ሹክሪያ፣
መኪናው እንዳያመልጠኝ ከሱቅ እስክትመለሺ አልጠበቅኩሽም። ወደ ቦኬ ሄጃለሁ።
ውሃ መጥቶ ነበር፣ በርሜሉን ሞልቼዋለሁ። ሽሮው ድስት ውስጥ ነው።

ስለ ማስተርሴ አንድ ነገር ልበልሽ። አስተዳደርን ከጤናና ከሕግ ጋር አዳብለው የሚያስተምሩን መምህር አንድ መሥሪያ ቤት አጥኑ ሲሉን፣ አለቃዬ ቢሮውን አላስጠናም አለኝ። ስለዚህ አብረን የተከራየነውን ቤታችንን እንደ መሥሪያ ቤት አጠናሁ። እኔ ሥራ አስኪያጅ፣ አንቺ ምክትል፣ ድመቷ ጥበቃ። ስብሰባ ስጠራሽ እየሳቅሽ ትመጪ ነበር።

ኋላ መምህሩ፣ «ለሁለት ሰው ሁለት ኃላፊ በዝቷል፣ አንዱ የሥራ መደብ ይታጠፍ» አሉኝ። የምክትሏ ይታጠፍ ብዬ ጻፍኩ። ክፍል የማቀርበውን ጮክ ብዬ ስለማመድ ለካ በር ላይ ቆመሻል።
«እኔን ነው የምታጥፊው?» አልሽኝ።
«ወረቀት ላይ እኮ ነው።»
«ድመቷስ?»
«እሷ ትቀጥላለች።»
«ወላሂ!» ብለሽ ወጣሽ። ከዚያ ወዲህ አላናገርሽኝም።

እውነቱን ለመናገር፣ እራት ለድመቷ ብቻ ማቅረብሽ አግባብ አልነበረም።

ትናንት ግን እህትሽን «መሰላ ከተማ የምከራየው ክፍል ፈልጊልኝ» ስትዪያት ሰማሁ። ዛሬ ጠዋት ጥናቱን ከመምህሩ መልሼ ወሰድኩ። ተናደዱ፣ ይናደዱ። ቦኬ ያለ አንድ የገበሬዎች ማኅበር ልታጠኚን ትችያለሽ ስላለኝ እንደ አዲስ ልጀምር ነው።

ስደርስ እደውላለሁ። ማንሳት ባትፈልጊ እንኳ ስልኩን አትዝጊው። ይጥራ።

ሣህሊቱ