ለመደርደሪያው ፈራጅ፦ ስለ አባቴ ጆሮና ስለ ቢጫው ጥብጣብ

ለክቡር የወረርሽኝ ጊዜ የሸቀጥ ቁጥጥር ኮሚቴ ሰብሳቢ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለከበረ ጤናዎ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። እጅዎ ከሳሙና፣ አፍዎ ከጭምብል፣ ደጅዎ ከጥበቃ አይለይ። ሳልም ሆነ ትኩሳት በአጠገብዎ አይለፍ፤ እርስዎ የታመሙ እንደሆነ እኛን ማን ይከለክለናል ብዬ ከልቤ እሰጋለሁ። ቤተሰብዎም ደህና እንደሆነ፣ ልጆችዎም ካልሲ እንዳላጡ ተስፋ አደርጋለሁ።

እኔን የሚያውቁኝ አይመስለኝም። ከሱፐርማርኬቱ ማዶ ባለችው ጠባብ ክፍል ሃያ ሁለት ዓመት ልብስ የሰፋሁ ሴት ነኝ። ምናልባት በጥበቃዎ ሪፖርት ላይ «በቲማቲም ጣሳ የተማታችው ግለሰብ» ተብዬ ተጠቅሼ ይሆናል፤ እኔው ነኝ። ደብዳቤዬን በአደባባይ ለመለጠፍ የተገደድኩት፣ ቢሮዎ ሦስት ጊዜ ተመላልሼ፣ ማመልከቻ መቀበል ለጊዜው አስፈላጊ ካልሆኑት አገልግሎቶች ውስጥ ተመድቧል ተብዬ ስለተመለስኩ ነው።

ጉዳዬ የአባቴ አንድ ጆሮ ነው። አባቴ በምስማር ፋብሪካ ሠላሳ አራት ዓመት ሠርቶ ጡረታ የወጣ ሰው ሲሆን፣ የፋብሪካው ማሽን ጩኸት ግራ ጆሮውን ጨርሶ ወስዶ ቀኙን ለምልክት ያህል ተወለት። በቀኙ፣ የምስር ፍሬ የምታህል ባትሪ ያላትን የመስሚያ መሣሪያ ሲሰካ ይሰማል፤ ካልሰካ ግን ቤት ቢፈርስ እንኳ የሚያውቀው አቧራውን አይቶ ነው። የራሱን ድምፅ ስለማይለካው ጮኾ ያወራል፤ ሰፈሩም ጋሽ ራዲዮ ይለዋል፤ እሱም ስሙን ወዶት ጠዋት ደጅ ሲወጣ «ሥርጭት ተጀምሯል!» ይላል። ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ነውና፣ በደሌን በተራ ቁጥር ላቅርብ።

አንደኛ፣ ስለ ጥበብዎ ላመስግን። አስፈላጊ የሆነውንና ያልሆነውን ሸቀጥ እንዲለዩ የላኳቸው ሁለት ባለሙያዎች፣ ዕቃ በዕቃ ቢመረምሩ ምሳ እንደሚያልፋቸው ስለተረዱ፣ የሱፐርማርኬቱን አንድ መደርደሪያ ከዳር እስከ ዳር በቢጫ ጥብጣብ ከበውት ሄዱ። ከጥብጣቡ ውጭ የቀረው አስፈላጊ፣ ከውስጥ የገባው ትርፍ ሆነ። ዕድሜዬን በሜትር የኖርኩ ሰው ነኝና በዓይኔ ለካሁት፤ አሥራ አንድ ሜትር ግድም ፍርድ ነው። ባለሱቋ የጆሮ ባትሪዎቹን ከድሮ ጀምሮ ከአሻንጉሊት መኪኖቹ ጎን ሰቅላቸው ስለነበር፣ ከአሻንጉሊቶቹ ጋር አብረው ተፈረደባቸው። ክርና መርፌ፣ ፎጣና የሕፃን ካልሲም እንዲሁ። ከረሜላና ማስቲካ ግን የተደረደሩት ከገንዘብ ተቀባይዋ ፊት ስለሆነ፣ ገንዘብ ተቀባይዋንም በጥብጣብ መክበብ ስላልተቻለ፣ ለሕዝብ ሕልውና አስፈላጊ ሆነው ተገኙ። ባለሱቋ ባትሪዎቹን ሁለት እርምጃ ወደ ምስሩ አጠገብ ላዛውራቸው ብላ ስትጠይቅ፣ ዕቃ ማዛወር መመሪያ ማዛባት ስለሆነ የንግድ ፈቃድሽን ትነጠቂያለሽ ተባለች። ለእኔም ከዚያው ከኮሚቴዎ ለሰፈሩ ጭምብል ስፊ የሚል ትእዛዝ ደርሶኝ ክር የሚሸጥልኝ አጣሁ፤ ይህን ግን ከበደል አልቆጥረውም፤ ለሣቅ ያህል ነው የነገርኩዎ።

ሁለተኛ፣ ከአንድ ቤት አንድ ሰው ብቻ ይግባ የሚለው መመሪያዎ። የአባቴ የመጨረሻ ባትሪ እሑድ ሞተች። ማክሰኞ ጠዋት ባለሱቋን እንለምናት ብለን ሄድን፤ ጭምብሌን ዝቅ አድርጌ በከንፈሬ ቀስ ብዬ እኔ ልግባ ስለው፣ አንቺ ደግሞ ባትሪ ትለያለሽ እንዴ ብሎ ሰልፉን ሁሉ እያስደነገጠ ተቆጣኝ። መሣሪያውን በመሐረብ ጠቅልሎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተ፣ የሞተችውን ባትሪ ለናሙና በመዳፉ ያዘና ገባ። እኔ በኖራ በተሰመረልኝ ክብ ውስጥ ቆሜ በመስታወቱ እመለከት ነበር። ሕግ አክባሪ ነበርኩ ማለቴ ነው።

ሦስተኛ፣ ሱቁ ውስጥ ስላቆሙት ጥበቃዎ ትጋት። ሪፖርቱ ላይ ሦስት ጊዜ ቁም ብዬዋለሁ ብሏል፤ እውነቱን ነው፤ እኔ ከመስታወቱ ውጭ ሆኜ ሦስቱንም ሰምቻለሁ። ሰልፈኛውም ሰምቷል። መንገድ ይሻገር የነበረ ውሻ እንኳ ቆሟል። ያልቆመው አባቴ ብቻ ነው። ጀርባውን እንደሰጠ ጥብጣቡን በሁለት ጣቱ ከፍ አድርጎ፣ እንዳይበጠስ ተጠንቅቆ፣ ከሥሩ ጎንበስ ብሎ አለፈ። ፊት ለፊት ቢሆኑ ኖሮ ከንፈሩን አይቶ ይረዳው ነበር እንዳልል ጥበቃዎ ጭምብል አጥልቋል፤ በዚህ አልወቅሰውም፤ ጭምብሉን ክሬ ሳያልቅ የሰፋሁለት እኔ ልሆን እችላለሁ። የመጀመሪያው ቆመጥ ትከሻው ላይ አረፈ። አባቴ ደንግጦ ዞረና፣ ለማያውቀው ሰው ሁልጊዜ እንደሚያደርገው፣ አልሰማም ለማለት ቀኝ እጁን ወደ ጆሮው አነሳ። በኮሚቴዎ የሥልጠና ወረቀት ላይ ደግሞ «እጁን ያነሳ ሸማች ጥቃት ለማድረስ እንደተዘጋጀ ይቆጠራል» ተብሎ ተጽፏል። ይህን ያወቅሁት ከጥበቃው ከራሱ ነው፤ በኋላ ሆስፒታል አፍንጫውን ሊታከም መጥቶ እኛው አግዳሚ ላይ ሲቀመጥ፣ እያለቀሰ ከኪሱ አውጥቶ አሳየኝ። ሁለተኛው ቆመጥ ቀኝ ጆሮው ላይ አረፈ። ሦስተኛውም እዚያው ላይ። ድምፁ መስታወቱን አልፎ መጣልኝ፤ እርጥብ ልብስ ድንጋይ ላይ ሲወቀጥ የሚያሰማው ዓይነት ነው። አባቴ አሻንጉሊቶቹን ይዞ ወደቀ፤ ደሙም ከጆሮው ቀዳዳ ይወጣ ነበር።

አራተኛ፣ ስለ ራሴ። በዚህ ጊዜ ከኖራ ክቤ ወጣሁ፤ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ከአንድ ቤት ሁለተኛ ሰው ሆኜ ገባሁ፤ ለዚህም ይቅርታ እጠይቃለሁ። በሩ አጠገብ ካለው፣ ከተፈቀደው መደርደሪያ ላይ ኪሎ የሚመዝን የቲማቲም ድልህ ጣሳ አንስቼ የጥበቃዎን አፍንጫ መታሁ፤ ለዚህ ይቅርታ አልጠይቅም። ዕቃው አስፈላጊ ስለመሆኑ ጥርጣሬ ካለዎት የራስዎን ዝርዝር ተራ ቁጥር አሥራ አራት ይመልከቱ። አጥንቱ ሲሰበር በጣቶቼ ታወቀኝ፤ ደስም አለኝ። ሴት አይደለሽም ወይ ብሎ ለጮኸብኝ ሰው የአባቴ ልጅ ነኝ አልኩትና ደገምኩ። ሁለተኛው ጥበቃ ከኋላ መጥቶ ሁለት የጎን አጥንቶቼን ሰበራቸው። ሰልፈኛው ይህን ሲያይ በሩን ገንጥሎ ገባ። ሁለት ሜትር ተራራቁ የተባሉ ሰዎች ፀጉር ለፀጉር ተያያዙ፤ ዘይትና ስኳር ወለሉ ላይ ተቀላቅሎ ሰው በሰው ላይ ተንሸራተተ፤ ሁልጊዜ ክራባት የሚያስረው የባንክ ሠራተኛ የሁለተኛውን ጥበቃ ክንድ በጥርሱ ነክሶ አለቅም ሲል በዓይኔ አየሁት። መስታወቱ ረገፈ። ጥብጣብዎም ያን ጊዜ ተበጠሰ፤ ነገር ግን ማንም ከውስጡ አንዲት ዕቃ አልወሰደም። ሁሉም ለአንድ ወር በሆዱ ይዞት የከረመውን ነበር የሚያወጣው። እኔም በዚያ ትርምስ ውስጥ ባትሪ ማንሳት ረሳሁ፤ የሄድንበትን ጉዳይ ረስቼ ተመለስኩ። ለዚህ ራሴን እስካሁን ይቅር አላልኩም።

አምስተኛ፣ ባለሱቋ የአባቴን ራስ ጭኗ ላይ አድርጋ ደሙን በፎጣ አፈነችው። ፎጣው ከጥብጣቡ ውስጥ የነበረ በመሆኑ፣ ተቆጣጣሪዎችዎ በማግስቱ መጥተው ትርፍ ሸቀጥ ለሸማች አስተላልፈሻል በሚል የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ጻፉባት። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሉ ነበር አባቶች፤ በሽታውን ፈርቶ ፎጣውን የሚል ግን ከእርስዎ በፊት አልነበረም። ለወደፊቱ ደም የሚፈሰው ሰው ከመኮሮኒው አጠገብ እንዲወድቅ ቤተሰቤን እመክራለሁ። ሆስፒታል ውስጥ ሐኪሙ ከጆሮው በላይ ሰባት ቦታ ሰፋው። በሙያዬ አየሁት፤ እኩል ያልሆነ የችኮላ ስፌት ነው፤ ሆኖም በዚህ ክር በተከለከለበት ዘመን ለአባቴ ራስ ክር ስለተገኘ እናመሰግናለን። ሐኪሙም እብጠቱ ሲጎድል፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ አዲስ ባትሪ አግኝታችሁ መሣሪያውን ሞክሩለት፤ ከሰማ ሰማ፤ ካልሰማ ግን ውስጡ ተጎድቷል ማለት ነው ብሎ አሰናበተን።

ስድስተኛ፣ ስለ ክሱ። የተመታው አባቴ መመሪያ በመጣስና ጥበቃን በማስፈራራት ተከሷል፤ እኔም በድልሁ ምክንያት አብሬው ተከስሻለሁ። መጥሪያው የተላከው ድምፅ ማጉያ በተገጠመላት መኪናዎ ነው። መኪናዋ በሰፈሩ ሦስት ዙር ዞራ፣ የምስማር ፋብሪካው ጡረተኛ ወንጀለኛ ስለሆነ ይቅረብ ብላ ስትለፍፍ፣ ተከሳሹ በረንዳ ላይ ተቀምጦ በፋሻ የተጠቀለለ ራሱን ፀሐይ እያስመታ ነበር። ለሾፌሩም እጁን እያውለበለበ ሰላምታ ሰጠው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንደሚባለው፣ ጎረቤት ሁሉ የሰማውን እሱ ብቻ ሳይሰማው ቀረ። መጥሪያው ሲታወጅ ወደ ባለሥልጣን ተሽከርካሪ የስድብ ምልክት አሳይቷል የሚል ተጨማሪ ክስ በማግስቱ መጣበት።

ሰባተኛው በደል አይደለም፤ ምስጋና ነው። ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ አባቴ በተመታ በአሥራ ዘጠነኛው ቀን፣ ኮሚቴዎ የመስሚያ መሣሪያ ባትሪ በስህተት ከመጫወቻዎች ጋር የተመደበ መሆኑን አምኖ አስፈላጊ አድርጎታል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ብለው የሚያሙዎ አሉ፤ እኔ አላማዎትም። ማስታወቂያው በተለጠፈ በሰዓቱ፣ ጎኔን በመቀነት አስሬ ሄጄ ስድስት የያዘ አንድ ፓኮ ገዛሁ። ጥብጣቡ በአዲስ ተተክቶ ስለነበር ባለሱቋ ራሷ ከሥሩ ገብታ አወጣችልኝ።

አባቴን ወንበር ላይ አስቀምጬ አንዷን ባትሪ ከተትኩና መሣሪያውን ጆሮው ላይ ሰካሁለት። ከኋላው ቆሜ አባዬ አልኩት። አልዞረም። ጮክ ብዬ አልኩት። ቆይ፣ ባትሪዋ የሞተች ናት መሰለኝ፣ ቀይሪያት አለኝ። ቀየርኳት። ሁለተኛዋንም፣ ሦስተኛዋንም እንዲሁ። ስድስቱንም ጨረስን። ሁሉም ሞተዋል፤ ብዙ ቀን ተሰቅለው ከርመው ደርቀው ነው፤ ባለሱቋ ምስኪን ምን ታድርግ፣ እንዳትቆጪያት አለኝ፤ እንደ ወትሮው ጮኾ፣ ጎረቤት እስኪሰማ። ክቡር ሆይ፣ ያቺ መሣሪያ ባትሪዋ ደህና ከሆነ፣ መዳፍ ውስጥ ሲይዟት ታፏጫለች። ወደ ጓዳ ገብቼ ስድስቱንም አንድ በአንድ ከትቼ በመዳፌ ጨበጥኳት። ስድስቱም አፏጩ።

አልነገርኩትም። ባትሪ እስኪመጣ ድረስ እያለ በረንዳው ላይ ይጠብቃል፤ ሌላ ሱቅ ፈልጊ እያለ በየቀኑ ይልከኛል፤ እኔም እሺ ብዬ ወጥቼ መንገዱን ዞሬ ባዶ እጄን እመለሳለሁ። በዚህ ሁሉ መሐል ስለ እርስዎ የሚሰማኝን ለመግለጽ ጨዋ ቃል ብዙ ፈልጌ ነበር፤ አላገኘሁም፤ እጠላዎታለሁ። እርስዎንም፣ እነዚያን ሁለት ባለሙያዎችዎንም፣ ጥብጣቡን ቆርጦ የሸጠልዎንም ጭምር እጠላለሁ። በአንድ ክፍል ውስጥ ብንገናኝና በመካከላችን የተፈቀደ ዕቃ ቢኖር ምን እንደማደርግ ለራሴም ያስፈራኛል።

ይህን ካልኩ በኋላ ወደ ሥርዓቴ እመለሳለሁ። ልመናዬ አጭር ነው፤ በአባቴ ላይ የመሠረቱትን ክስ እንዲያነሱና፣ ቢቻልዎ፣ አንድ ቀን ወደ በረንዳው ብቅ ብለው ባትሪው ደህና እንደሆነ እርስዎ ራስዎ እንዲነግሩት ነው። እኔ አቃተኝ።

ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜ፣ ንጹሕ አየርና የማይደፈር ጥብጣብ እየተመኘሁ፣ ከማያልቅ አክብሮትና ገና ካልገጠሙ ሁለት የጎን አጥንቶች ጋር፣

የጋሽ ራዲዮ ልጅ፣
ልብስ ሰፊዋ

ማሳሰቢያ፦ ክሱ ካልተነሳ ረቡዕ በሦስት ሰዓት አባቴን ይዤ ከኮሚቴዎ ፊት እቀርባለሁ። በእኔ ላይ የቀረበውን በሙሉ አምናለሁ፤ ብዙ አይድከሙበት። የእሱ ክስ በመመሪያዎ መሠረት ጮክ ተብሎ እንደሚነበብለት አውቃለሁ፤ ጸሐፊዎ ድምፁን ሳይቆጥብ ያንብብለት። ነገር ግን አባቴ ሥርዓት ያለው ሰው ነውና፣ ትልቅ ሰው ሲናገር ዓይን ዓይኑን እያየ ፈገግ ብሎ ራሱን ይነቀንቃል፤ እባክዎ ያን ጊዜ ጥፋቱን አመነ ብለው እንዳይጽፉበት።