ነጭ ቅጠል የበቀለባቸው

ከአምባችን፣ አሶሳ አጠገብ
ኅዳር 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዓይኗ ለናፈቀኝ ልጄ ለመነን፣

እንደምን ሰንብተሻል? እናትሽም፣ ማሽላውም፣ ያቺ ተዋጊ ላምሽም ደህና ናቸው። ሦስት ጊዜ ደወልኩልሽ፤ ሦስቱንም ጊዜ «ስብሰባ ላይ ነኝ አባባ» አልሽኝ። ካምፓላ ውስጥ እንዲህ የሚያሰበስብ ምን መጣ ብዬ እናትሽን ብጠይቃት «ያንተ ቀይ እስክሪብቶ» አለችኝ። እውነቷን ነው። ስለዚህ በወረቀት መጣሁ። ሸርቆሌ መጠለያ ክሊኒክ የሚሠራው እዩኤል የፊታችን ሰኞ ለሥልጠና ወደ አንቺው ከተማ ይበራል፤ ይህን ደብዳቤና የመጽሐፍሽን ረቂቅ አብሮ ያደርስልሻል።

ዋናውን ላስቀድም፦ የመጀመሪያውን ስልሳ ገጽ እንዳትቆርጪ! አንዲት መስመር እንዳትነኪ! አሳታሚው እስከ ኅዳር መጨረሻ አሳጥረሽ ላኪ ብሎሻል፤ ቆርጠሽው ከሆነም መልሰሽ ስፊው።

አውቃለሁ፣ ቁረጪ ያልኩሽ እኔው ነኝ። «አባባ፣ አጀማመሩ ቀርፋፋ ነው፣ ግራ ያጋባል ይሉኛል፤ አንተ ካልክ እቆርጣለሁ» ብለሽ አምነሽኝ ስትልኪልኝ፣ ሃያ ስምንት ዓመት አማርኛ ያስተማርኩ ሰው ነኝ ብዬ ተኮፍሼ ተቀመጥኩ። ከሳይንስ ልብወለድ ጋር እንደማንስማማ ታውቂያለሽ። ዘጠነኛ ክፍል ሳለሽ ታመጪያቸው የነበሩት ሁሉ አጀማመራቸው ጭቃ የያዘው አይሱዙ ነበር፤ ጎማው ይሽከረከራል፣ መኪናው አይሄድም። አንቺ «ታገስ፣ መጨረሻው ይክሳል» ስትይኝ እኔ አሥረኛው ገጽ ላይ እንቅልፌን እለጥጥ ነበር። ያንቺንም እንደዚያው ቆጠርኩት። ገና ሲጀምር «ሰማዩ ተቀደደ፤ ሣጥኖች ወረዱ፤ ከሣጥኖቹም አንገታቸው ላይ ነጭ ቅጠል የበቀለባቸው ወጡ» ይላል። ከጎኑ በቀይ «ትርጉም የለውም» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ በየገጹ «ተናጋሪው ማን ነው?»፣ «የት ነን?»። ስልሳውን ገጽ ሰርዤ፣ ቀሪውን ሳላነብ ደወልኩልሽ። ሳላነብ! ምነው ያኔ እጄን በቆረጠው። አንቺም «እሺ አባባ» ብለሽ ዘጋሽው። ያ «እሺ» እስካሁን ሆዴ ውስጥ አለ።

ባለፈው ሳምንት ወፍጮ ቤት ወረፋ ይዤ ሳለ መብራት ጠፋ። ቀሪውንም ባየው ምን አለበት ብዬ ረቂቁን ይዤ ነበርና ከገጽ ስልሳ አንድ ጀመርኩ። ባለወፍጮዋ ኦብሴ ዝም አትል፣ «መምህር፣ ለብቻህ ከንፈርህን ከምታንቀሳቅስ ጮክ በልና እኛም እንስማ» አለች። አነበብኩላቸው። ሁለት ገጽ ሳልሄድ ጎረቤታችን ሐመድ ጆንያው ላይ እንደተቀመጠ አቋረጠኝ።

«ፊቱስ የት ሄደ?»

«ቆርጬዋለሁ፤ አይረባም።»

«መምህር፣ ላም ያለ ጭንቅላት ገበያ ትወስዳለህ?»

ወረፋው ሁሉ ሳቀብኝ። ተናደድኩና «በሉ እንግዲህ ስሙትና ፍረዱ» ብዬ ከገጽ አንድ ጀመርኩ። ነጩ ቅጠል ላይ ስደርስ ሐመድ ጭኑን መታ።

«ወረቀት ነው!» አለ። «መኪና ሲያመጣችሁ አንገታችሁ ላይ ወረቀት ነበር፣ ቁጥር ያለው። እኛ ልጆች ነን ያኔ። ዛፍ ሥር ቆመን አየን። ይሄ ሰው ለምን ቅጠል ያስራል አልን። መምህር፣ ይሄ የሚያወራው እንግዳ አይደለም። እኛ ነው።»

መነን፣ ክው አልኩ። በደርግ ጊዜ በሰፈራ ከወሎ ስንመጣ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ ያ ወረቀት የእኔም አንገት ላይ ነበር። ረስቼው! እኔ ታሪክሽን ከሣጥን በወረዱት ዓይን ብቻ ሳይ፣ ለካ ተናጋሪው ቀድሞ ምድሩ ላይ የነበረው ኖሯል። የጠፋሁት እኔ እንጂ መጽሐፉ አልጠፋም።

ስድስት ቀን አነበብኩ። መብራት መጣ፤ ኦብሴ ግን ወፍጮውን እያቆመች «ቀጥል» ትለኛለች። ግማሽ ቁና በቆሎ ይዞ በቀን ሁለቴ የሚመጣም ነበር። ግራ ገባን የሚሉትን ሐመድ «ቆይ፣ ይመጣል» ይላቸዋል፣ ልክ አንቺ እኔን ትይኝ እንደነበረው።

ትናንት ጨረስነው። የሰፋሪዎቹ የልጅ ልጅ ያንን የሦስት መቶ ዓመት ሽማግሌ፣ ተናጋሪውን፣ «ስንወርድ ምን አያችሁ?» ብላ ትጠይቀዋለች፤ ከዚያ በፊት ማንም ጠይቆት አያውቅም። እሱም «ሰማዩ ተቀደደ፤ ሣጥኖች ወረዱ» ብሎ ይጀምርላታል። እኔ የሰረዝኩት ስልሳ ገጽ ለካ መልሱ ኖሯል! ሴቶቹ እልል አሉ፤ ኦብሴ «ድገመው!» አለች፤ ሐመድ ቆሞ አጨበጨበ። በዕድሜዬ እንደዚያ ተጨብጭቦልኝ አያውቅም፣ ያውም ባልጻፍኩት። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» እያልኩ ሰሌዳ ላይ ስጽፍ የኖርኩ ሰውዬ የልጄን ሥር በቀይ ልቆርጥ!

ሰው ሲበተን ሐመድን ይዤው ቀረሁ። አርባ ዓመት ጎረቤቴ ነው፤ በለቅሶም በሠርግም አብረን ነን። «ሐመድ፣ ስንመጣ ምን አያችሁ?» አልኩት። ጠይቄው አላውቅም ነበር።

ሳቀብኝ። ሴቱንም ወንድ በሚያደርገው አማርኛው እንዲህ አለኝ፦ «ልጅህ ጠይቋል። መነን። ትንሽ ሆኖ፣ ዱቄት ሊወስድ ሲመጣ። ሁሉን ነገርኩት። አንተ ዘገየህ፣ መምህር።» ከዚያ ጆንያው ላይ ቦታ ለቀቀልኝና ከመጀመሪያው ነገረኝ።

አሁን ረቂቁን ክፈቺው። ቀዩን ሁሉ በሰማያዊ ሰርዤዋለሁ። «ተናጋሪው ማን ነው?» ካልኩት አጠገብ ሐመድ ፈርሟል። «ትርጉም የለውም» ካልኩት አጠገብ ደግሞ እኔ ስሜን ጽፌበታለሁ። አሳታሚው ካንገራገረ ወፍጮ ቤቱን ሙሉ ምስክር እልክለታለሁ በይው።

ልጄ፣ አጥፍቻለሁ፤ ይቅር በይኝ። ኮርቼብሻለሁ፣ በአደባባይ ኮርቼብሻለሁ! የጻፈው እጅሽ አይዛል፤ እስከ መጨረሻው የሚሰማሽ ጆሮ አይጥፋ፤ ያንቺን ጅማሬ የሚቆርጥ እጅ፣ የአባትሽም ቢሆን፣ ይያዝልሽ። አሜን በይ። ስደውልም አንሺ።

አንገቱ ላይ ነጭ ቅጠል የበቀለበት አባትሽ፣
በቃሉ