ቁልፍን ለማን ልተዋት?

ጥቅምት 8

ዛሬም ጎተተችኝ። ከዳቦ ቤት ስንመለስ ድመት አየችና ገመዱን ሳብ... እግሬ ቄጤማ ሆነ። መንገዱ ጠርዝ ላይ ቁጭ አልኩ። አላፊ አግዳሚው "ደህና ነዎት አባባ?" ይላል። አየር እየወሰድኩ ነው አልኩ። ውሸቴን ነው። እሷም ጥፋቷ ገብቷት አገጯን ጫማዬ ላይ አድርጋ ተኛች።

ቁልፍ ያልኳት ቡችላ ሳለች የደንበኛ ሸሚዝ ቁልፍ ስለዋጠችብኝ ነው። አምና ልብስ ስፌት ቤቱን ከዘጋሁ ወዲህ እሷና እኔ ብቻ ነን። እሷ ገና ጠንካራ ናት። እኔ ደግሞ... ተወው።

ጥቅምት 14

እንስሳት ሐኪሙ ጋ ወሰድኳት። ጥርሷን አየ፣ ሆዷን ዳበሰ። ገና ብዙ ዓመት ትኖራለች አለኝ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ደነገጥኩ። እኔስ ስንት ቀረኝ ብለው "እኔ የእንስሳት ሐኪም ነኝ" አለ። ሳቅን።

መንገድ ላይ ግን ሳቁ ጠፋ። አንድ ቀን ብወድቅስ? ማን ይወስዳታል? በሩ ተዘግቶ አብራኝ ትቀራለች? ወይስ መንገድ ላይ ትጣላለች? የሰው እጅ የለመደች ውሻ መንገድ ላይ ምን ታውቃለች...

ጥቅምት 15

ልጄ ጋ ደወልኩ። "አባዬ፣ አንተ ዛሬውኑ ና። ውሻ ግን ሕንፃው ላይ አይፈቅዱም" አለች። ምን ታድርግ፣ እሷም ተከራይ ናት። ከዚያ መድኃኒቴን መዋጤን ጠየቀች፣ ጉልበቴን ጠየቀች። ስለ ቁልፍ ደውዬ ስለ እኔ አውርተን ዘጋን።

ጥቅምት 17

ደክሞኛል። ዛሬ ከግቢ አልወጣንም። በሩን እያየች አኮረፈችኝ።

ጥቅምት 21

ምላጭን ጠየቅኩት። ጎረቤቴ ነው፣ ፀጉር አስተካካዩ። ምላጭ ያልነው ለመሣሪያው ሳይሆን ለአፉ ነው፤ የማይቆርጠው ሰው የለም። ቁልፍን ግን ይወዳታል፣ ባለፈች ቁጥር ጆሮዋን ሳያሽ አያሳልፋትም።

እየላጨኝ ነበር። ጉሮሮው ላይ ምላጭ ያለ ሰው ነገር አያነሳም፤ እኔ አነሳሁ።

"ዕዳዋ ገብስ ነው ጋሼ። እርስዎ ሲሞቱ እወስዳታለሁ" አለ።

ስሞት አይደለም አልኩት። ሳለሁ። ሳይደርቅ በእርጥቡ። ካልለመደችህ ሌላ ሰው የምፈልግበት ጊዜ ይኑረኝ። መስታወቱ ውስጥ አየኝና ምላጩን ጠርጎ "እሺ" አለ። ምላጭ በአንድ ቃል ሲመልስ አይቼ አላውቅም።

ጥቅምት 25

ወሰዳት። ሳህኗን፣ ገመዷን፣ አሮጌ ኮቴንም ሰጠሁት። ጠረኔን እያሸተተች ትተኛ ብዬ። ደግ የሠራሁ መስሎኛል።

ቤቱ ሰፋብኝ። ሻይ ስጠጣ የዳቦውን ቅርፊት ወደ ታች ወረወርኩ... ማን ያንሳው?

ጥቅምት 28

አትበላም። ሥጋ ቆርጦ በእጁ ቢሰጣት ፊቷን አዞረች። ኮቱን ወንበር ላይ አስቀምጦላታል፤ ከሥሩ ተኝታ በሩን ብቻ ነው የምታየው አለኝ። ሠፈሩ ሁሉ ውሻ በረሃብ የሚገድል እያለኝ ነው ብሎም ተነጫነጨ።

ናፍቄያት ነው ብዬ ደስ አለኝ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ።

ኅዳር 1

ቁም ሣጥኑን ስከፍት ባዶውን የኮት መስቀያ አየሁና... ገባኝ።

ሱቅ እያለኝ ክር ልገዛ ወይ ምሳ ልበላ ስወጣ በሩን አልዘጋም ነበር። ኮቴን ወንበሩ ላይ ጣል አድርጌ ነው የምሄደው። ደንበኛ መጥቶ ኮቱን ካየ "አለ፣ ይመለሳል" ብሎ ይጠብቃል። ቁልፍም እዚያው ወንበሩ ሥር ትተኛለች። ማንም ቢጠራት አትሄድ፣ ማንም ቢሰጣት አትበላ። ኮቱ ካለ እመለሳለሁ ማለት ነው። ቀርቼም አላውቅ።

ኮቴን አብሬ ልኬ "ጠብቂኝ" ብያታለሁ እኮ። እሷ ምን አጠፋች? የታዘዘችውን ነው ያደረገችው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት እኔ ነኝ።

ኅዳር 2

ሄድኩ። ዘላ ልትጥለኝ ነበር። አጥንቷ ወጥቷል። አንጀቴን በላችው። ላለማቀፍ ምዬ ነበር የሄድኩት፤ አቀፍኳት።

ከዚያ ኮቴን ከወንበሩ አነሳሁ። ዓይኗ እያየ አንዱን እጅጌ፣ ሌላውን እጅጌ፣ እስከ አንገቴ ቆለፍኩት። ምላጭ ምን ሆኑ ጋሼ ይለኛል። መራመድ ጀመርኩ። በሩ ድረስ ተከተለችኝ። "እዚያው" አልኳት። ዞራ ወንበሩን አየችው። ባዶ ነው።

ወደ ኋላ አላየሁም። ቤት ገብቼ ኮቴን እንደለበስኩ አልጋው ላይ ተቀመጥኩ። ጠጉሯ እጅጌው ላይ አለ። አላራገፍኩትም።

ኅዳር 4

ምላጭ ደወለ። በላች። ሳህኑን ሳይቀር ላሰችው አለ። እግዜር ይስጥህ አልኩት። ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ። ለምን እንደሆነ እኔም አላውቀው።

ኅዳር 19

ጢሜ ካደገ ቆየ። ዛሬ ሄድኩ። ቁልፍ ወፍራለች። ጭራዋን ቆላችልኝ፣ እጄን ላሰችኝ፣ ከዚያ ተመልሳ ከምላጭ እግር ሥር ተኛች። ይኼንን ነበር የፈለግኩት። አሁን ብወድቅም ግድ የለም። ይኼንን ነበር...

ፀሐዩ ያቃጥላል። ሱቁ ውስጥ ደግሞ ይብሳል፤ ላቤ በጀርባዬ ይወርዳል። ምላጭ ፎጣውን አራግፎ "ጋሼ፣ ኮትዎን አውልቀው ወንበሩ ላይ ጣል ያድርጉት እንጂ" አለኝ።

ቁልፍ ቀና ብላ አየችኝ።

"በርዶኛል" አልኩት።