የይበልጣል ወረቀት

ሰኞ

ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። ስከፍት ጋሽ ደምሴና ሁለት ሾፌር ጓደኞቹ ጋቢ ለብሰው ቆመዋል። ሀርጌሳ ውስጥ ሾፌር ጋቢ ለብሶ በማለዳ ለምን ይመጣል? ወዲያው ገባኝ።

"አስካለ፣ እስቲ ቁጭ በይ" አለኝ ጋሽ ደምሴ።

"አልቀመጥም። ይበልጣል ነው?"

ጋሽ ደምሴ ክንዴን ይዞ አስቀመጠኝ።

ልጄ ሞቷል፤ ሰሜን፣ ጦርነቱ ላይ። ከዘመተ ወዲህ ድምፁን አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሰማሁት። አብሮት የነበረ ልጅ ቆስሎ ሲመለስ ለወንድሜ ነገረው። ስልክ ተዘግቶ ስለነበር ወሬው ዘገየ። አርባው ሊሞላ ነው አሉ። እኔ ገና ዛሬ ሰማሁ። እስከ ዛሬ ስበላ፣ ስስቅ፣ ስዘፍን ነበር።

ሌላ መጻፍ አልችልም።

ማክሰኞ

ቤቱ ሰው ሞልቷል። ሰው ቤት የሚሠሩት ልጆች እየተፈቀደላቸው ለትንሽ ጊዜ ይመጡና ይሄዳሉ። ግንበኞቹ ሲሚንቶ እጃቸው ላይ እንደደረቀ መጡ። ድምፅ አናወጣም፤ በሰው አገር ነው ያለነው።

ሆዳንም መጣች። አሠሪዬ ናት፤ ማሕሙድ ሃይቤ ሰፈር ያለው ማተሚያ ቤት የእሷ ነው። እኔ እዚያ አጸዳለሁ፣ ወረቀት እቆርጣለሁ፣ አጥፋለሁ። የተማረችው ጅግጅጋ ስለሆነ አማርኛ ትናገራለች፣ ታነባለችም። ሶማሌዎች ትልቅ ሴት ሲያከብሩ "ኤዶ" ይላሉ፤ አክስቴ እንደማለት ነው። እንደዚያ ነው የምትጠራኝ።

"ኤዶ፣ የእኔም ወንድም በድሮው ጦርነት እዚሁ ከተማ ውስጥ ቀረ። እናቴ መቃብሩን አታውቅም" አለችኝ። ከዚያ አጠገቤ ተቀመጠች። ይህ ከሁሉም ሰው ማጽናኛ ተሻለኝ።

አንድ ነገር እያንገበገበኝ ነው። አስከሬን የለም። መቃብር የለም። እዚህ ቤተ ክርስቲያን የለም። ወንድሜ ያለበትም አገር ታውኳል፤ እሱ ራሱ ቤቱን ጥሎ ሸሽቷል። አርባው ሲደርስ ልጄን ማን ያስበዋል?

ረቡዕ

ለለቅሶው ቤት የሚሆን ፎቶ ላሳትም ወጣሁ። "ሦስት ቀን ሳይሞላ?" ብለው ሴቶቹ ተቆጡ። መቀመጡ እየገደለኝ ነው አልኳቸው።

ማተሚያ ቤቱ ስደርስ ሳህራ እየጮኸች ነው። ሳህራ የግመል ወተት ነጋዴ ናት። ያሠራችውን ማስታወቂያ ከፍ አድርጋ "ወተቴ የት ገባ? ግመሏ መልሳ ጠጣችው?" ትላለች፤ ይህን ያህል ሶማልኛ እሰማለሁ። እውነቷን ነው። ነጭ ወተት፣ ጥርት ባለ ብርጭቆ፣ በነጭ ወረቀት ላይ። ወተቱ ጠፍቷል።

ኮምፒዩተሩ ላይ ግን ሲያምር እኔም አይቼዋለሁ። ለምን እንዲህ ሆነ? ሆዳንን ጠየቅኳት። "ኤዶ፣ ስክሪኑ ከውስጡ ብርሃን አለው። ወረቀት የራሱ ብርሃን የለውም" አለችኝ። ይህን ስሰማ ቆሜ ቀረሁ። ስንት ዓመት ወረቀት ስቆርጥ አስቤው አላውቅም።

ከዚያ አፌ ራሱ ተናገረ። "ወተቱ የሚመጣበት ያ እንደ አገልግል የተሰፋው ጥቁር ዕቃ ለምን አይታይም? ወተቱ ከሱ ሲቀዳ።" ሆዳን ወዲያው ሠርታ አሳየቻት። ጥቁሩ ላይ ነጩ ቦግ አለ።

ሳህራ ሳቀች። ሆዳን ስትተረጉምልኝ፣ "ይቺ ሐበሻ የግመል ወተት በአፏ አይዞርም፣ ዓይኗ ግን ጠጥቶታል!" ነው ያለችው።

ሳህራ የግመሎቿን ዘር እስከ ቅድመ አያታቸው ማስጻፍ ፈልጋ ነበር። ሆዳን እምቢ አለች። "ሰው ሚኒባስ ውስጥ እየተንገጫገጨ ነው የሚያነበው። ወተት፣ ቦታ፣ ስልክ። በቃ።" የስልክ ቁጥሩን አተለቀችው።

ልጄ ሞቶ ስለ ወተት ቀለም ማሰቤ ደነቀኝ። አፈርኩም። ግን ወረቀቶቹን ሳጥፍ ሌላ ሐሳብ መጣ። ሳህራ የማታውቃቸው ሰዎች፣ ረግጣው በማታውቀው ሰፈር፣ ይህን ይዘው ያነቡታል። እኔ መሄድ አልችልም። ልጄን ወረቀት ቢያደርስልኝስ? ጋሽ ደምሴ ዓርብ መኪናውን ይዞ ወደ አገር ይገባል። በመንገዱ ላይ ስንት ቤተ ክርስቲያን አለ።

ሐሙስ

ሆዳን ገና ሳልጨርስላት "ነይ ተቀመጪ" አለችኝ። ደንበኛ የሚቀመጥበት ወንበር ላይ አስቀመጠችኝ። እዚያ ተቀምጬ አላውቅም።

ያለኝ ፎቶ አንድ ነው፤ ከጓደኞቹ ጋር ተነሥቶ የላከልኝ። ፊቱን ስናተልቀው እንደ አሸዋ ተበተነ። "ትንሽና ጥርት ያለ ይሻላል" አለች ሆዳን። ትከሻው ላይ የአንድ ጓደኛው እጅ አለ። ላጥፋው ወይ አለችኝ። ተይው አልኳት። ብቻውን እንዲሆን አልፈለግሁም።

መስቀል እንዳይኖርበት ያልኩት እኔ ነኝ። ወረቀት ከእጅ ወደ እጅ ይሄዳል፤ ሆዳንን ችግር ውስጥ አልከትም።

ከዚያ የምጽፈውን ነገርኳት። የተወለደበትን፣ ከእነ ማን ጋር እንዳደገ፣ ኳስ እንደሚወድ፣ ፈሪ እንደነበርና ለጨለማ መብራት እንደምተውለት፣ የዓለም ስሙን፣ የክርስትና ስሙን፣ የእኔን ናፍቆት። ገጹ ሞላ። ሆዳን ለሳህራ እንዳለቻት አላለችኝም። ቀስ ብላ "ኤዶ፣ ይህን የሚይዘው ሰው ምን እንዲያደርግ ትፈልጊያለሽ?" አለች።

"እንዲጸልይለት።"

"እሱ በዚህ ሁሉ መሃል ይታያል?"

አይታይም። ወተቱ ነው። አንድ በአንድ አወጣን። ኳሱ ወጣ። መብራቱ ወጣ። እያንዳንዱ ሲሰረዝ እንደገና የሞተ ያህል ነበር። ሁለቱ ስሞች ላይ ስንደርስ፣ "ሁለት ስም ያለው ሱቅ ደንበኛ ያደናግራል፤ በሚታወቅበት ይቅር" አለች። እኔም እሺ አልኩ።

ፎቶው፣ "ይበልጣል"፣ አርባው የሚውልበት ቀን፣ "ጸልዩለት"። ሲታተም ቆሜ አየሁ። ወረቀቱ ሞቅ ብሎ ይወጣል። ደረቴ ላይ ያዝኩት። ያምራል። ልጄ ያምራል።

ዓርብ

ጋሽ ደምሴ ወረቀቱን ሊወስድ ቀትር ላይ ቤት መጣ። አንዱን አንሥቶ አየና "ግሩም ነው" አለ። ከዚያ ገለበጠው። መልሶ ፊቱን አየ።

"አስካለ፣ የክርስትና ስሙስ?"

ወረቀቱን ነጥቄ አየሁ። ካህን ይበልጣል ብሎ አይጸልይም! የሳህራን ስልክ አተለቅን፣ የልጄን ቆርጠን ጣልን። ሆዳን በምን ታውቃለች? እኔ ነኝ ማወቅ የነበረብኝ። ሁሉም አንብቦ ያዝንለታል፣ በጸሎት ግን የሚጠራው የለም።

ዓርብ ነው፣ ሱቁ ዝግ ነው። ሆዳን ስልክ አታነሣም፣ የጸሎት ሰዓት ነው።

"እስክሪብቶ አለሽ?" አለኝ ጋሽ ደምሴ።

"እኔ ስጽፍ ዘገምተኛ ነኝ።"

"ታዲያ መኪናው ያለ እኔ ይሄዳል እንዴ? ጻፊ።"

ፎቶው ሥር በእጄ ጻፍኩ። ወልደ ሰንበት። ወልደ ሰንበት። የሚያብረቀርቅ ወረቀት ስለሆነ ቀለሙ ቶሎ አይደርቅም። ጋሽ ደምሴ አጠገቤ ቁጭ ብሎ እያንዳንዱን እየተቀበለ እፍ ይላል። "የበርበራን ትኩስ ንፋስ አምጥቼልሻለሁ" አለኝ። ከሰኞ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው፣ ሳቅኩ። ከዚያ አለቀስኩ፣ ከዚያ ቀጠልኩ። አንዳንዱ ፊደል ተንጋደደ። ጥቂቱ ላይ እንባ ወርዶ ስሙ ተበላሸ፤ እነዚያን አስቀረሁ።

ቀኑ ገፋ፣ እሱም ተነሣ። ወረቀቱን በፌስታል ጠቅልሎ የመኪናው ወንበር ሥር አኖረው።

ቅዳሜ

ስልክ የለም። ኬላ ላይ ከፍተው ቢበትኑትስ? ዝናብ ቢነካውስ?

ሆዳን ሰምታ መጣች። "ለምን እዚያው አልነገርሽኝም?" አለች። እኔም ትዝ ያለኝ ትናንት ነው አልኳት። እንደ አዲስ ላትም አለችኝ። ይቅር፣ ሄዷል አልኩ። ብዙ ጠየቀችኝ፤ የክርስትና ስምን ማን ያወጣል፣ ለምን ይደበቃል? የማውቀውን ነገርኳት። የማላውቀው እንደሚበዛ ያየሁት ስነግራት ነው።

እሑድ

ጋሽ ደምሴ ከጅግጅጋ ደወለ። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ሄዶ ለአንድ ቄስ ሰጥቷል። ቄሱ ስሙን ጮክ ብለው አነበቡትና ወረቀቱን ከመጽሐፋቸው ውስጥ ከተቱት። "እጅ ጽሑፉን የማን ነው ብለው ጠየቁኝ፣ የእናቱ ነው አልኳቸው" አለኝ። የቀረውን ወደ ፊት ለሚሄዱ ሾፌሮች አከፋፍሏል። ከዚያ ወዲያ የት እንደሚደርስ እሱም አያውቅም፣ መንገዱ አስተማማኝ አይደለም።

አንድ ቦታ ደርሷል። ሌላው ባይደርስስ?

ስለዚህ እዚህም እጽፈዋለሁ። ይህን ደብተር የምታገኙ፣ ማንም ሁኑ፣ የዓለም ስሙ ይበልጣል፣ የክርስትና ስሙ ወልደ ሰንበት ነው። እሱ በወደቀባት ቀን ከወዲህም ከወዲያም የወደቁ ብዙ ናቸው፣ ስማቸውን እናቶቻቸው ያውቃሉ። እነሱንም አክላችሁ፣ ለልጄ ነፍስ አንድ ጊዜ ጸልዩልኝ።