ያልተሰበሩት ሁለት ብልቃጦች

ሸዋ ሮቢት፣ ግንቦት ፲፪ ቀን ፳፻፫ ዓ.ም.

ውድ ልጄ ዶክተር ፋዲላ፣

በሰውና በዱር አራዊት መካከል የሚመላለሱትን ደዌያት ልትመረምሪ ከሐረር ተነሥተሽ ወደዚህ ወደ ይፋት ቆላ ከወረድሽበት ከዚያ የመጋቢት ወር ወዲህ፣ ስምንት ዓመት ሙሉ በልቤ ሸሽጌው የኖርሁትን ቃል እጄ ሳይዝል ዓይኔም ፈጽሞ ሳይፈዝ ልጽፍልሽ ይገባኛልና፣ ምስጋናዬን ከኑዛዜዬ ጋር አብረሽ ተቀበይኝ።

ጎህ ሲቀድ ከገደሉ ሥር ተንበርክከሽ የዝንጀሮ ኩስ በማንኪያ ስትለቅሚ፣ ማሾውን ሊያጠጣ የሚወርደው ጎረቤቴ አብዱረዛቅ፣ «ለኛ ክኒን ጠፍቶ ለዝንጀሮ ዶክተር መጣላት! ወላሂ፣ ዘንድሮ ጭራ ያወጣ ነው የሚታከመው!» እያለ ሰፈሩን ያስቅብሽ ነበር። አንቺም ቀና ሳትይ፣ «አይዞህ፣ ያንተም ተራ ይደርሳል፤ ብቻ ብልቃጥህን እንዳትጥል» ትይው ነበር።

የሰውም ተራ ደረሰና በየቤቱ ስም የተጻፈበት ብልቃጥ አደልሽ። እኔ ግን፣ አርባ ዓመት ቅኔ ያስተማርሁ ዘውዴ፣ የራሴንና የባለቤቴን የቆንጅትን ዓይነ ምድር ልጄ በምትሆን ሴት ገበታ ላይ ማኖር ከሞት የከፋ ውርደት መስሎ ስለታየኝ፣ ሁለቱን ብልቃጦች በጋቢዬ ሸሽጌ ወደ ሾላው ምንጭ ወረድሁና ውሃ ሊጠጡ የመጡት ዝንጀሮዎች ከጣሉት ሞልቼ አመጣሁልሽ። በዚያን ጊዜ ቆንጅት ሆዷ እንደ ከበሮ ተነፍቶ፣ እጅና እግሯ እንደ ጭራሮ ቀጥኖ፣ ከአልጋ መነሣት ተስኗት ነበር፤ እኔም ክብሬን ስጠብቅ የእርሷን ነፍስ በዝንጀሮ ኩስ እንደለወጥሁ አላስተዋልሁም።

በሦስተኛው ቀን መጣሽ። ደጄ ላይ ሰው ነበርና ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ፣ «የኔታ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ የእርስዎንና የእትዬን ብልቃጥ ከእጄ ጥዬ ሰበርኩት፤ እባክዎ እንደገና ይስጡኝ» አልሽ።

«አያችሁ!» አለ አብዱረዛቅ፣ «የዝንጀሮውን እንደ እንቁላል ተጠንቅቃ፣ የሰው ሲሆን ትሰብራለች!»

ሰው ሲበተን ጠጋ ብለሽ፣ «የኔታ፣ እርስዎና እትዬ ቆንጅት በሁዳዴ ፌንጣ ትበላላችሁ እንዴ?» አልሽኝ።

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ።

«ጸጉርና የፌንጣ እግር አይቼበት ነው። አይሥጉ፣ ለማንም አልናገርም፤ ከየት እንዳነሱት ብቻ ይንገሩኝ፤ የቢልሃርዝያ እንቁላል ሞልቶበታል።»

«ከሾላው ምንጭ።»

«ልብስ የሚታጠበውስ የት ነው?»

«እዚያው። ቆንጅት ሠላሳ ዓመት እዚያ ውሃ ውስጥ ቆማ አጥባለች» ስልሽ ሳቅሽ ከፊትሽ ጠፋ።

በማግሥቱ በእውነተኛው ብልቃጥ ውስጥ ያው እንቁላል ተገኘ፤ ክኒኑን በእጅሽ አስውጠሻት፣ ሆስፒታልም ድረስ ተከትለሻት ሄድሽ። እኔ ዝንጀሮዎቹን ስራገም፣ «ተዉ የኔታ፤ ማን ለማን እንደሰጠ ገና አላወቅሁም፤ ምናልባት እኛ ሰጥተናቸው ይሆናል» ብለሽ የገሠጽሽኝን፣ ካነበብሁት መጽሐፍ ሁሉ ይልቅ አስታውሰዋለሁ። ይኸው ቆንጅት ዛሬ ከደጃፉ ተቀምጣ ማሾ ትለቅማለች።

አንቺ ግን በዚህ አገር «ብልቃጥ ሰባሪዋ» ተብለሽ ቀረሽ። ስምሽ በዚህ ሲነሣና ሰው ሲስቅ፣ ልጄ ሆይ፣ እኔም አብሬ ፈገግ ብያለሁ። አሁን ያስተማርሻቸው ወጣቶች ብልቃጥ ይዘው ሊመጡ ነው ሲባል ሰዉ፣ «እንደዚያችኛዋ ሰብረው ሊያዋርዱን ነው፤ አንሰጥም» ብሎ አድሟል፤ ከመካከሉም ሆዳቸው እንደ ያኔዋ ቆንጅት የተነፋ አሉበት።

ይህን ደብዳቤ እስከዚህ ድረስ ለቆንጅት ባነብላት ማሾዋን አስቀምጣ ትክ ብላ አየችኝና፣ «አንቱ፣ ስምንት ሁዳዴ ሙሉ ከቅቤና ከወተት ጾመው የልጅቱን ሥጋ ሲበሉ ኖረዋል?» አለችኝ።

ስለዚህ በመጪው እሑድ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ለስብሰባ በሚቀመጥበት በሾላው ጥላ ሥር ቆሜ፣ ብልቃጦቹ እንዳልተሰበሩ፣ ማን ምን እንደሞላባቸውና ማን ስለማን ብላ ስሟን አሳልፋ እንደሰጠች፣ አብዱረዛቅ እየሰማ እናገራለሁ። ተናግሬም ስጨርስ የመጀመሪያውን ብልቃጥ ከልጆችሽ እጅ በሰው ሁሉ ፊት የምቀበለው እኔ ነኝ፤ በዘንድሮው ብልቃጥ ፌንጣ አይገኝበትም።

ባለዕዳሽና አባትሽ፣
ዘውዴ