ቡሹን ማን ያያል?

ጥቅምት ፫
የዓሣ ማጥመጃ ዘንጉን አጸዳሁ። ክሩን ፈትቼ እንደገና ጠቀለልኩት። ነገ ወደ ተራራው ሐይቅ። ጉልበቴ ምንም አላለኝም።

ጥቅምት ፬
ባዶ እጄን ተመለስኩ።
ሽቅቡን ሳላርፍ ወጣሁት። ጎረቤቴ ፀጉር አስተካካዩ ግን በየድንጋዩ እየተቀመጠ ያለከልካል። እንደ ልማዴ ፀሐይዋን ፊት ለፊት አድርጌ ቆምኩ። ጥላ ውሃው ላይ ካረፈ ትራውት የሚባለው ዓሣ ድርሽ አይልም። ማንም አላስተማረኝም፤ በደረቴ ተኝቼ ዓሣውን ሳይ ከርሜ ነው ያወቅኩት።
ክሩ ላይ ተንሳፍፎ ዓሣ ሲነክስ የሚሰምጠው ቡሽ ግን ጠፋኝ። ውሃው ሁሉ ብልጭ ብልጭ...
«ጋሼ፣ ሰመጠ እኮ!»
«ዝም በል! ሐይቅ ላይ አይወራም!»
ስስበው የመንጠቆው ትል ተበልቷል።
ስንወርድ «ችግሩ ዓሣው አይደለም ጋሼ፣ ዓይንዎ ነው» አለኝ።
«አንተ የደንበኞችህን ጆሮ ጠብቅ» አልኩት።

ጥቅምት ፱
ሐኪሙ ሁለቱም ዓይኔ ሞራ ለብሷል አለ። የቀዶ ጥገናው ወረፋ ለከርሞ ነው። ታዲያ ዘንጉን ልስቀለው? እኔ?
ባለቤቴ «ቡሹን እኔ ልይልህ» አለች።
«አንቺ ዝም ማለት አትችዪም።»
«ዝም ካልኩማ መስመጡን በምን ልንገርህ?»
ገብቼ ተኛሁ። ደክሞኝ ስለነበር ነው።

ጥቅምት ፲፪
ወሰድኳት። ዕድሜዋን ሙሉ ዓሣውን ስታጸዳ እንጂ ሐይቁን አይታው አታውቅም። ለካ ወስጃት አላውቅም... ከጎኔ ቁጥቋጦው ሥር ዝቅ አድርጌ አስቀመጥኳት። ሻሿን ግንባሯ ላይ ጎትታ ወሬዋን ጀመረች። የጣሪያው ማፍሰስ፣ የእህቷ ልጅ ሠርግ...
«...አማትየዋ ደግሞ ምን ብትል ጥሩ ነው... ሳብ!»
ሳብኩ። ዘንጉ ጎበጠ። የክንድ ያህል ትራውት፣ ጎኑ ቀይ ነጠብጣብ!
ሁለተኛውንም አወጣን። በሦስተኛው ክሩ እጄ ላይ ሲንቀጠቀጥ ልስብ ስል «ቆይ! እየነካካው ነው፣ አልዋጠውም» አለች። ቆየሁ። «አሁን!» አለች። ወጣ።
መቼ ተማረችው? ከማን?
ዓሣው ከወሬዋ አልሸሸም። ይህን ለማንም አልናገርም።

ጥቅምት ፲፬
ፀጉር አስተካካዩ «ነገ አብሬዎት ልምጣ?» አለ።
«ቦታ የለም።»
«ያን የሚያህል ሐይቅ?»
«ከጎኔ ያለው ተይዟል።»
ባለቤቴ በር ላይ ሆና ሳቀች። ምን ያስቃል?
ቁልቁለቱ የጫማዋን ሶል ገንጥሎታል። ማታ ተቀምጬ ሰፋሁላት፤ ከአዲስ ይጠነክራል። ክሩን በመርፌው ቀዳዳ ያስገባችው እሷ ናት። አልለመንኳትም፤ ብቻ መርፌና ክሩን ይዤ እጄን ዘረጋሁ።