ስምንት ገጽ ዓሣ

ይድረስ በባሕር ማዶ ለምትኖረው ለወንድሜ ለቢተው። ለጤናህ እንደምን አለህ? ብርዱስ እንዴት ይዞሃል? ያ ሳልህ ለቀቀህ ወይስ ያው ነው? እኔ እህትህ ዘርፌ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ቆሜ እሄዳለሁ። ከዚህ በላይ ደህና ነኝ ብልህ ውሸት ይሆንብኛል።

ቢተው፣ እናታችን ሞታለች። ኅዳር መጨረሻ ላይ አርፋ ቦሌ ሚካኤል ቀብረናታል። አጎታችን ጋሼ ገረመው መርዶ በወረቀት አይላክም፣ ደህና ናት ብለሽ ጻፊለት ብለውኝ ነበር። እኔ ግን ኦዴሳ ድረስ ሄዶ ንጋት ላይ በርህን አንኳኩቶ የሚያረዳህ ሽማግሌ ከየት ይመጣል ብዬ ጻፍኩት። ፖስታ ቤት አላስገባሁትም፤ ለትምህርት ወደ እናንተ የሚመጣው የጎረቤታችን የገመዳ ልጅ በዳሳ በእጁ ይሰጥሃል። አልቅስና ቀሪውን አንብብ።

የመጨረሻው ደብዳቤህ የደረሰን ጥቅምት ላይ ነው። እማዬን ትንሽ አመም ያደርጋት ነበር። ጎረቤታችን እትዬ መኪያም ሊሰሙ መጥተው፣ ስለምታጠናቸው የጥልቅ ባሕር ፍጥረታት የጻፍከውን ስምንቱን ገጽ አነበብኩላቸው። ግንባሩ ላይ ኩራዝ አንጠልጥሎ የሚያድነውን ዓሣ፣ ከራሱ የሚበልጠውን የሚውጠውን፣ አፍም አንጀትም ሳይኖረው ባሕር ሥር ፍል ውሃ ዳር የሚኖረውን ትል፣ ሚስቱን ነክሶ ተጣብቆ ደሟን እየመጠጠ የሚኖረውን ባል። እትዬ መኪያ በዚህኛው ሳቁ፤ እንዲህ ያለውማ ደረቅ ምድር ላይም ሞልቷል አሉ። እማዬ ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ብላ ፈጣሪዋን አመሰገነችና፣ የሚመጣው መቼ ነው ይላል? አለችኝ። ገለባበጥኩት። የለም። ሰባት ዓመት ያልጻፍከው ነገር ያን ቀን ከየት ይገኛል።

እሷ ግን መች አመነች። የምትመጣበትን ቀን የጻፍክበትን ገጽ የመንግሥት ደብዳቤ ከፋቾቹ አስቀርተውት ነው አለች። ኧረ አይደለም ብላት ምን ልትሰማኝ። በማግሥቱ እኔ ሥራ ስሄድ ጠብቃ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ደብዳቤህን በጉያዋ ይዛ ቀበሌ ሄደች፤ ልጄ የጻፈልኝን ወረቀት መልሱልኝ ልትል። በዚህ ዘመን ደብዳቤ ለምን ይከፈታል ብሎ ቀበሌ የሚገባ ሰው አይተህ ታውቃለህ? ጥበቃዎቹ ይዘው አስቀመጧት። ጨለማ ውስጥ የሚኖረው፣ ደም የሚመጥጠው ማነው? ልጅሽ ማንን ነው የሚሰድበው? እያሉ ሲጠይቋት ዋሉ። ዓሣ ነው ስትል ማን ይመናት። ተጠርቼ ስደርስ በዚያ በጥቅምት ብርድ ሲሚንቶ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት።

ማምሻውን ሊቀ መንበሩ መጣ። ይህ ሰው ያላስለቀሳት እናት በሰፈሩ የለችም። ስምንቱን ገጽ ጠረጴዛው ላይ ደረደረ። አንተው በእጅህ ቁጥር ሰጥተሃቸው ኖሯል፤ የመጨረሻው ላይም ፊርማህ አለ። በጣቱ እየቆጠረ አሳያትና፣ እናቴ፣ የጎደለ ገጽ የለም፣ እኛ አልወሰድንብዎትም፣ ልጅዎ አልጻፈውም አላት። ያ ሰው ሲዋሽ ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ያን ቀን ግን እውነቱን ነበር። እሱን በእናታችን ፊት እውነተኛ ያደረግኸው አንተ ነህ፤ እኔን የሚያንገበግበኝ ይኼ ነው።

ደግፌ ወደ ቤት ወሰድኳት። ብርዱ ሳንባዋ ውስጥ ገባ፤ ሐኪም ቤትም ወስጃት ነበር፣ አልሆነም። ሊጠይቃት የመጣ ሰው ልጅሽስ መቼ ይመጣል ሲላት ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞር ነበር። ያቺ ስምህን ጠርታ የማትጠግብ ሴት አንድ ቀን እንኳ ሳታነሳህ ሞተች።

ዓሣዎችህ ምን አደረጉኝ፣ የፈጣሪ ሥራ ናቸው። አንተ ግን ፀሐይ ከማይደርስበት ወርደህ አፍ የሌለው ፍጥረት ምን እንደሚበላ ስታጣራ፣ እናትህ ምን በልታ እንደምታድር አልጠየቅህም። ልጅ የላትም እንዳይባል አለህ፣ አላት እንዳይባል የለህም።

እትዬ መኪያ አላህ ያጽናው ብለውሃል፤ ለለቅሶው ውሃ ሲያስቀዱ የሰነበቱት እሳቸው ናቸው። ልጄ ሉሊት አጎቴን ሳሚልኝ ትላለች፤ የምታውቅህ በፎቶ ነው። ጋሼ ገረመው ለጤናህ እንዴት ነህ ይሉሃል፤ እማዬ ደህና ናት ብዬ የጻፍኩልህ ይመስላቸዋል። እኔም እግዚአብሔር ያጽናህ እላለሁ። ከእንግዲህ መቼ ትመጣለህ ብሎ የሚጠይቅህ ሰው የለም፣ ተገላግለሃል።

እህትህ ዘርፌ
ቦሌ ሚካኤል፣ አዲስ አበባ
ታኅሣሥ ፲፪ ቀን ፲፱፻፸፰ ዓ.ም.